የጋሽ ጆሮ ጥፋት

መኪናው ያጓራል እንጂ አይነሳም። ሽማግሌው ቁልፉን ባዞሩ ቁጥር ከኮፈኑ ስር የበሽተኛ ሳል የመሰለ ድምፅ ይወጣል፤ ይረዝማል፣ ይለምናል፣ ከዚያ ትንፋሽ አጥሮት ዝም ይላል።

ምራታቸው ይህን ሁሉ የምትሰማው ከስፌት ክፍሏ ነው። መስኮቷ ወደ ግቢው ይከፈታል፤ ከመኪናው አፍንጫ የምትርቀው፣ እዚያ የቆመ ሰው ቢያስነጥሰው ከተቀመጠችበት ሳትነሳ "ይማርህ" ልትለው በምትችለው ያህል ብቻ ነው። እጇ የያዘው የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ነው፤ ጆሮዋ ግን ግቢ ውስጥ ነው። ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ የአዝራር ማስቀመጫ ጣሳዋ አለ። ከሸሚዝና ከካፖርት አዝራሮቹ ስር፣ ከተበላሹት ዚፖች መሃል፣ ከክብሪት ቤት የምታንስ አንዲት ጥቁር ዕቃ ተወሽቃለች። መካኒኮች ሪሌ ይሏታል። ከመሪው በታች ባለው የፊውዝ ሣጥን ላይ ተሰክታ ለነዳጁ ፓምፕ ኮረንቲ የምታቀብለው እሷ ናት። እሷ ከተነቀለች ፓምፑ አይሠራም፤ ፓምፑ ካልሠራ ሞተሩ ጋ ነዳጅ አይደርስም፤ መኪናውም እንዲህ እንደ ዛሬው ሲለምን ይውላል።

ይህን ያስተማሯት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ የጨረሱ ሹፌር ናቸው። አንድያ ልጃቸው፣ የእሷ ባል፣ ስለ መኪና የሚያውቀው በሩ እንደሚዘጋ ብቻ ነው፤ እሱንም ሲዘጋው መስታወቱ እስኪርገፈገፍ ነው። እሷ ግን ገና ሙሽራ ሆና እዚህ ቤት በገባች ሰሞን፣ ኮፈን ተከፍቶ ስታይ አንገቷን አስግጋ "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል፣ አባባ?" ብላ ጠየቀች። የሽማግሌው ፊት ያን ቀን እንደበራ ቀረ። "ረዳቴ" አሏት፤ አውቶቡስ ላይ ዕቃ እንደሚጭነው፣ ሹፌሩ ወደኋላ ሲሸሽም "ና፣ ና፣ በቃ!" እንደሚለው ሰው። ከዚያ ወዲህ በስሟ የጠሯት እንግዳ ሲኖር ብቻ ነው።

"ሌባ የፈራ ሰው ይችን ይነቅልና ኪሱ ከትቶ ይሄዳል" ብለዋት ነበር አንድ ቀን፣ ሪሌዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው። "ሌባው እዚያው መሪው ላይ ተደፍቶ ያልቅስ!"

አሁን መሪው ላይ የተደፉት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ልጇን ከትምህርት ቤት ይዘው ሲመለሱ ሽማግሌው ጨዋታ ይዘው ነበር። ወደ ሠርጉ ሲጓዝ እንቅልፍ ጥሎት በማያውቀው ከተማ ስለወረደ ሙሽራ ነው የሚያወሩት። ሙሽራው ዘፈን ወደሰማበት ቤት ዘው ብሎ ገብቶ፣ የሰው አማት ጉልበት ስሞ፣ ማዕድ ላይ ተሰይሟል። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግራ ቀኝ አዩና "መንገዱ ባዶ ነው" ብለው ገቡበት።

ባዶ አልነበረም። ግራጫ ካፖርት የለበሱ አንዲት ሴትዮ የእግረኛ ማቋረጫውን አጋምሰው ነበር። ሴትዮዋ እንዴት ወደኋላ እንደዘለሉ ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስላትም። ዘንቢላቸው ተገለበጠ። ምራቲቱ በጎን መስታወት የሽንኩርቶቹን መንከባለል እያየች ሽማግሌው "ታዲያ የሙሽራዋ አባት ምን ቢለው ጥሩ ነው?" ሲሉ ሰማች። መልሱን ነገሯትና ሳቋን ጠበቁ። እሷም ሳቀችላቸው።

ያን ዕለት ለባሏ ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ንገሪው" አላት።

"አባትህ አይደሉም እንዴ? አንተ ንገራቸው!"

"የኔን ነገር መች ከቁም ነገር ቆጥሮት ያውቃል? የሚሰማው አንቺን ነው።"

ባለፈው ዓመት ባሏ "ዓይንህን ብትታይ ምን ይመስልሃል?" ብሎ ቢሞክር፣ ሽማግሌው ማዕድ ላይ አብረው እየቀረቡ ለብዙ ቀን አፋቸውን የከፈቱት ለጉርሻ ብቻ ነበር። ሁለቱም ያ ዝምታ ተመልሶ እንዳይመጣ ይፈራሉ። ሲገፋፉ ሰነበቱ። በዚህ መሃል ልጅቷ በየጠዋቱ ከአያቷ ጋር መኪና ውስጥ ትገባለች፤ እናትየዋ መስኮት ላይ ቆማ እስኪመለሱ ጥፍሯን ትበላለች። ዛሬ ማልዳ ሽማግሌው ፊታቸውን ሲታጠቡ ወጣችና ሪሌዋን ነቀለቻት። መኪናው ጥቂት ቀን ይቁም፤ እስከዚያ የሚነግራቸው አፍ አይጠፋም ብላ ነው። ባሏ ምኑንም ሳያውቅ ልጅቷን በእግር ይዟት ሄደ።

ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። ትናንት ጋሽ ጆሮ የነዳጁን ማጣሪያ ቀይረውላቸዋል።

ጋሽ ጆሮ ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ያላቸው መካኒክ፣ የሽማግሌውም የዕድሜ ልክ ጓደኛ ናቸው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሚያዳምጡ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላቸው። መጡ፤ የመሣሪያ ቦርሳቸውን መሬት ሳያስነኩ ሽማግሌው ጀመሯቸው።

"ምን አድርገህ ነው የሰጠኸኝ?"

"መጀመሪያ ደህና አደርክ አይባልም?"

"መኪናዬ ደህና ስታድር ነዋ እኔ ደህና የማድረው! ትናንት አንተ ጋ ስትሄድ በእግሯ ነበር የሄደችው።"

"አንተስ በእግርህ ብትሄድ ምናለ? ሆድህ ከመሪው ጋ ሊጋባ ምን ቀረው!"

ምራቲቱ መስኮቱ ላይ ሆና ፈገግ ለማለት ሞከረች። የሁለቱ ሰላምታ ሁልጊዜም ስድብ ነው፤ ሳይሰዳደቡ የተለያዩ ቀን አንዳቸው ታመዋል ማለት ነው።

ጋሽ ጆሮ ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ጫፎች ወዘወዙ። "እስቲ አስነሳ!" አሉ። ሞተሩ አጓራ። "ባትሪው ደህና ነው፤ ማስነሻው ሞተሪኖም ይዞራል።" እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈተው ወደ ብርሃን አቀረቡት፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት። "ደረቅ ነው። ጠብታ ነዳጅ አልደረሰውም።" ከዚያ እንደ ሁልጊዜያቸው አንገታቸውን ሳያቀኑ ጮኹ። "ቁልፉን ክፈተው፤ እንዳታስነሳ! ፓምፑ ይጮሃል?"

የሁለቱ አሠራር ከጥንትም እንዲህ ነው። አንዱ ቁልፍ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ኮፈን ስር ይገባል፤ ቁልፍ ላይ ያለው የተናገረውን ኮፈን ስር ያለው ሄዶ አያጣራም። ማጣራት ጓደኛን እንደ መጠርጠር ነው።

ሽማግሌው ቁልፉን ከፈቱ፤ ጭንቅላታቸውን ፓምፑ ወዳለበት ወደ ኋላ ወንበር ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

"ይጮሃል!" አሉ።

የምራቲቱ እጅ ጣሳው ላይ ደርቆ ቀረ። ሊጮህ አይችልም። የሚያስጮኸው ዕቃ እዚህ መዳፏ ስር ነው። ደግሞ እሳቸው አልዋሹም፤ ውሸት ሲዋሹ ጆሯቸውን የሚያኩበት አመል ስላላቸው ታውቃቸዋለች። ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ለዓመታት ያንን "ዚዝ" የሚል ድምፅ ሰምተዋል፤ ዛሬም ቁልፉ ስለተከፈተ ሰሙት። ድምፃቸውም ያው ነበር፤ ርግጠኛ፣ ዘና ያለ፣ ያን ቀን "መንገዱ ባዶ ነው" ያሉበት ድምፅ።

ጋሽ ጆሮ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ጨዋታ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ከመስኮቷ ታየ።

"ፓምፑ ከሠራ፣ ነዳጁ ደግሞ ካልደረሰ..." አሉ ለራሳቸው፣ "ጥፋቱ መሃል ላይ ነው። መሃል ላይ ትናንት የገባው የኔ እጅ ነው።"

ካርቶን አንጥፈው መኪናው ስር ገቡ። ለረጅም ጊዜ የሚታየው ጫማቸው ብቻ ነበር፤ የአንዱ ሶል ተበልቷል። ማጣሪያውን ፈቱት፣ መልሰው አሰሩት፣ እንደገና ፈቱት። "ቀስቱ ወደ ሞተር ነው። ወደ ሞተር ነው መሆን ያለበት... አዎ" ይላሉ ከስር። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ነው ወይስ አይደለም?" ይላሉ። ሲወጡ እጅጌያቸው በቤንዚን ርሷል፤ ግንባራቸው ላይ አፈር ተለጥፏል። አስነሳ ተባለ፤ አጓራ፤ አልተነሳም።

"በቃ አርጅተሃል" አሉ ሽማግሌው ከመኪናው ወርደው። "ጆሮ ያሉህ ድሮ ነው። አሁን ከጆሮው ቅጠሉ ነው የቀረው!"

ምራቲቱ መልሱን ጠበቀች። ጋሽ ጆሮ ለእንዲህ ያለ ስድብ ሦስት እጥፍ የሚመልሱ ሰው ናቸው። ሰውዬው ግን የመኪናው ጭቃ መከላከያ ላይ ተደግፈው በጨርቅ ጣታቸውን አንድ በአንድ ይጠርጋሉ፤ የተጠረገውን እንደገና ይጠርጋሉ።

"ልክ ነህ" አሉ በመጨረሻ።

"ኧረ ስቀልድ ነው፣ ምን ነካህ?"

"አይ፣ ልክ ነህ። በቀደም የሰው ጎማ ብሎን ሳላጠብቅ ለቅቄ፣ ልጄ ነው ሮጦ ያስቆመው። 'አባዬ ጋራዡን ለኛ ተወው' ሲለኝ ዱላ ነበር ያነሳሁበት።" ጨርቁን አጣጠፉት። "አንድ ማጣሪያ መቀየር ካቃተኝ ነገ የሰው ፍሬን ፈትቼ ልረሳ ነው። ዛሬ የጋራዡን ቁልፍ ለልጆቼ እሰጣቸዋለሁ። ይቅርብኝ።"

ሽማግሌው ከጎናቸው መጥተው መከላከያው ላይ ተደገፉ።

ምራቲቱ ተነሳች። ስትነሳ የሰፋችውን እጅጌ አየችው፤ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ገጥማዋለች። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አዝራሩ ሲበተን ሪሌዋን ለቀም አድርጋ በመዳፏ ጨበጠቻትና ወጣች። ወደ ግቢው ስትወርድ መላው በሐሳቧ ተቀነባብሮ ነበር። "እስቲ እኔ ቁልፉን ልያዝላችሁ" ብላ ሹፌሩ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እነሱ ወደ ኮፈኑ ሲዞሩ ሪሌዋን ቦታዋ ትሰካለች፤ መኪናው ይነሳል፤ ማንም ምንም አላየም።

እንዳሰበችውም ሆነ። ጋሽ ጆሮ እንደገና ከመኪናው ስር ገብተው ወጡና ወደ ኮፈኑ ዞሩ። ተቀመጠች። ጣቷ ከመሪው በታች ገብቶ ባዶውን ቦታ አገኘው። ሪሌዋ ግማሿ ገብታለች። ኮፈኑ ጋ ጋሽ ጆሮ ለሽማግሌው ሲያወሩ ይሰማታል።

"ለመጨረሻ ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት። አሁን ቢነሳም ያው ነው። ትናንት አበላሽቼው ነበር ማለት ነው።"

እጇ ቆመ። መኪናው በተነሳ ቅጽበት የሰውዬው ጥፋት ማኅተም ሊመታበት ነው። ይህን ያሰበችው ወንበሩ ላይ ሆና ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ሪሌዋን መልሳ ነቀለቻትና ወርዳ ኮፈኑ ጋ ሄደች።

"አባባ፣ የጋሽ ጆሮ ጥፋት አይደለም" አለች። መዳፏን ዘረጋች።

ሦስቱም ጥቁሯን ዕቃ አዩ። መጀመሪያ የገባቸው ጋሽ ጆሮ ናቸው። ሪሌዋን አንስተው አገላበጧት፤ ሲናደዱ ግን አልታዩም፤ እንዲያውም ትከሻቸው ቀለል ሲል ታየ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

"ፓምፑ ይጮሃል ብለኸኝ ነበር እኮ።"

"ይጮህ ነበር" አሉ ሽማግሌው።

"ያለዚች?"

"ሰምቼዋለሁ እያልኩህ!" አሉ፤ ቃሉ መሃል ላይ ሰለለባቸው። ወደ ምራታቸው ዞሩ። ሲያዩዋት ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ፤ ይህን አመል ከመቼ ወዲህ እንዳመጡት ትዝ አላላትም። ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው "ሌባ ፈርተሽ ነው አይደል፣ ልጄ? ሰፈሩን እኮ ሌባ አስቸግሮታል" አሏት።

የማምለጫውን በር ራሳቸው ከፍተው ያዙላት። ዘው ብላ መግባት ብቻ ነበር የቀራት። አዎ ብትል ጋሽ ጆሮ ይስቃሉ፣ ሽማግሌው ይስቃሉ፣ ነገ ጠዋት ልጇ መኪና ውስጥ ትገባለች።

"አይደለም አባባ" አለች። "እርስዎን ፈርቼ ነው።"

ነገረቻቸው። ስለ መታጠፊያው፣ ስለ ሴትዮዋ፣ መንገዱ ላይ ስለተንከባለሉት ሽንኩርቶች። እያወራች ቁልቁል የምታየው የጋሽ ጆሮን ካርቶን ነው። ስትጨርስ ከጎረቤት ሬዲዮ የሚሰማው ሰውዬ ስለ አየር ሁኔታ ያወራል።

"ያን ቀን ነው? የሙሽራውን ያወራሁልሽ ቀን?" አሉ ሽማግሌው።

"አዎ።"

"ስቀሽ ነበር እኮ።"

"ስቄያለሁ።"

"እያየሽ?"

"እያየሁ፣ አባባ።"

የመታቸው ይሄ ነበር። ሴትዮዋን ሲሰሙ አገጫቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ይሄን ሲሰሙ ግን እጃቸው መደገፊያ ፈለገ፤ ኮፈኑን ያዙ። ያን ሳቅ ቤት ድረስ ይዘውት ገብተው ነበር፤ ለጋሽ ጆሮም "ምራቴን በሳቅ ገደልኳት" ብለው አውርተውላቸዋል። ሊጮሁባት ይችሉ ነበር፤ ቢጮሁባት እንደሚቀላት ሁሉ እሷም ጩኸቱን ተመኝታ ነበር። አልጮሁም።

"አንተ" አሉ ለጓደኛቸው፣ ዓይናቸውን ከምራታቸው ሳይነቅሉ። "ይቅር በለኝ። ቁልፍህን ለማንም እንዳትሰጥ።"

"ኧረ ተወው..."

"አልተወውም። ቅድም የሰደብኩህ ስድብ የኔ ነው፤ መልስልኝ።" ኮታቸውን ከመኪናው ወንበር ላይ አነሱ። "አንቺ ነይ። ቦታውን አሳዪኝ።"

በእግር ሄዱ። ሩቅ አይደለም፤ ግን ሽማግሌው በዚህ መንገድ በእግራቸው ከሄዱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ የመንገዱ ጠርዝ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል አያውቁትም። ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል ሸሹባት። የዳቦ ቤቱ ሴት "ዛሬ መኪናው የት ሄደ?" ስትላቸው "ታሞ" አሉና አለፉ።

መታጠፊያው ጋ ማቋረጫው ጫፍ ላይ ቆሙ። ነጩ መስመር እዚህም እዚያም ተበልቷል። ሽማግሌው እንደ ሹፌር ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ እንደገና ግራ አዩ። ፊታቸው ላይ ያለው ጥንቃቄ አንጀቷን በላው፤ አንድም ነገር ሳያጓድሉ፣ ሕግ እንደሚለው፣ ለፈተና እንደቀረበ ሰው ነበር የሚያዩት።

"አሁን ባዶ ነው" አሉና እግራቸውን አነሱ።

ኮታቸውን ከኋላ ጨምድዳ ያዘች። ትንሽዬ መኪና በፊታቸው ሽው ብላ አለፈች፤ ነፋሷ የሱሪያቸውን እግር አርገበገበው።

እሷ ኮታቸውን አልለቀቀችም፤ እሳቸውም ልቀቂኝ አላሉም።

"ቀለሟ ምን ነበር?"

"ግራጫ።"

"የሴትዮዋ ካፖርትስ?"

"እሱም ግራጫ ነው።"

"ግራጫ" አሉ። አስፋልቱን አዩት፤ እሱም ግራጫ ነበር። "ያቺ ሴትዮ... ሽንኩርታቸውን ማን ለቀመላቸው?"

ይህን ጥያቄ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የፈራችው ለልጇ ነው፣ የተጨነቀችው ለሽማግሌው ክብር ነው፤ መንገድ ላይ የቀሩት ሴትዮ ግን ከመስታወቱ ሲወጡ ከሐሳቧም ወጥተዋል።

"እንጃ" አለች። "እኔም ወርጄ አላነሳኋቸውም። ያቁሙ ማለት እችል ነበር።"

"ትችዪ ነበር" አሉ። ሊያጽናኗት አልሞከሩም። ትንሽ ቆይተው "እኔም ማቆም ነበረብኝ" አሉ።

ማዶ ማዶ የሚያልፉትን ሴቶች እያዩ ጥቂት ጠበቁ። ግራጫ ካፖርት የለበሰ አልመጣም። ሲመለሱ ሽማግሌው ክንዳቸውን አልሰጧትም፤ ጠርዙ ከፍ በሚልበት ቦታ ግን ቆም እያሉ እሷ ቀድማ እስክትወጣ ያያሉ።

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ መኪናው ተነስቷል። ጋሽ ጆሮ ሪሌዋን ሰክተው፣ ኮፈኑን ዘግተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ የታጠቡበትን ባልዲ ገልብጠው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሩ ለስላሳ ነው፤ እንዳልታመመ ሰው ነው የሚተነፍሰው።

"የት ጠፋችሁ?" ብለው ጮኹ። "ነዳጁ እኮ እያለቀ ነው! ልንካው ብል ደግሞ አበላሸው ልትሉኝ ነው። ከሁለታችሁ ማነው የሚያጠፋው?"

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው የሞተሩን ድምፅ አዳመጡ። አንድ እርምጃ ወደ መኪናው ተራመዱ፤ ከዚያ አቅጣጫ ቀይረው ጋሽ ጆሮ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

"ሂጂ አጥፊው" አሏት።

ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ በሽማግሌው እግር ልክ ወደኋላ የተገፋ ስለሆነ እግሯ ፔዳሉ ጋ አይደርስም። ቁልፉን መለሰችው፤ ግቢው ጭር አለ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ይታዩአታል፤ አንዳቸውም አይሰዳደቡም። እጇ ወንበሩን ወደፊት ወደሚስበው ብረት ሄዶ ነካው። ለዛሬ እንደነበረ ተወችውና ወረደች።